ገጹን ቆርጬ ልስቀለው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። በቅርቡ አሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ «ዳስ ፕላካት» የሚል የ1914 የመጽሔት ጥራዝ በ40 ዩሮ ገዛሁ። ገጾቹ ላይ በቀለም የታተሙ ትንንሽ ፖስተሮች ተለጥፈዋል፤ ሲያዩዋቸው ደስ ይላሉ። ሦስቱን አንስቼ በፍሬም ሳሎን ልሰቅላቸው ስል ባለቤቴ «መጀመሪያ ሰው ጠይቅ» አለችኝ። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ባለቤትህን አመስግናት፣ መቀሱንም ቦታው መልስ።

የገዛኸው ተራ አሮጌ መጽሔት አይደለም። አዘጋጁ ሃንስ ዛክስ ይባላል፤ የበርሊን የጥርስ ሐኪም ነበር። በሙያው ጥርስ ያክማል፣ ልቡ ግን ፖስተር ላይ ነው። በ1905 የፖስተር ወዳጆች ማኅበር አቋቋመ፣ በ1910 የማኅበሩን መጽሔት ጀመረ፣ እስከ 1921ም ዘለቀ። በዚያ ጊዜ ፖስተር ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ዝናብ የሚበላው ወረቀት እንጂ ማን ጥበብ ብሎት!

የዘመኑን ስልት ለማየት የጀርመናዊውን ፖስተር ሠሪ የሉሲያን በርንሃርድን የክብሪት ፖስተር ፈልገህ ተመልከት። እንደሚወራው መጀመሪያ ጠረጴዛ፣ የሲጋራ መተርኮሻ፣ ሲጋር፣ ጭራሽ ጨፋሪ ሴቶችም ሥሎበት ነበር። ከዚያ አንድ በአንድ እያጠፋ ሄዶ የቀሩት ሁለት የክብሪት እንጨቶችና «ፕሪስተር» የሚለው የድርጅቱ ስም ብቻ ናቸው። በቃ። ዛሬ ስልክህ ላይ የምታያቸው ብዙ ማስታወቂያዎች ከዚህ ብዙም አልራቁም።

ዛክስ ወደ 12,500 ፖስተር ነበረው። አይሁዳዊ ስለነበር ናዚዎች በ1938 ሙሉውን ወሰዱበት፣ እሱም ታስሮ ከተፈታ በኋላ ወደ አሜሪካ ሸሸ። በርሊን ሙዚየም ውስጥ የተገኙት ከ4,000 በላይ የሚሆኑት ለልጁ እንዲመለሱ ፍርድ ቤት የወሰነው በ2012 ነው፤ ዛክስ ራሱ ግን በ1974 ሞቷል።

አሁን ወደ ሳሎንህ። የጥራዙ ዋጋ ያለው ሙሉ በመሆኑ ነው። የተለጠፉት ሥዕሎች ከተነሱ የሚቀርህ ጽሑፍ ብቻ ነው፣ ሰብሳቢ ደግሞ መጀመሪያ የሚቆጥረው እነሱን ነው። አንተም ከማውጫው ጋር እያስተያየህ ቁጠራቸው፤ ካንተ በፊት ያነሳ ሰው ካለ ባዶ ቦታውና የሙጫው ምልክት ይታያል። የተቀደደ ገጽ ብታገኝ ስኮች እንዳትለጥፍበት፣ ወረቀቱን ያበላሸዋል። ፀሐይ ከሚያገኘው መደርደሪያም አርቀው። ግድግዳህ ባዶ እንዳይቀር ሦስቱን ጥሩ ስካን አስደርግና ኮፒውን በፍሬም ስቀል፤ ስካን ሲያደርጉ ግን ጥራዙን በግድ ለጥጠው ጀርባውን እንዳይሰብሩት አጠገባቸው ቁም።

ደግሞ ገበያው የት እንደሆነ ጻፍልንማ፣ በ40 ዩሮ!