ባክቴሪያ፣ አርኬያና ቫይረስ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ባክቴሪያ፣ አርኬያና ቫይረስ ግራ ያጋባችሁን ጠይቁ ብዬ ነበር፤ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ባዮሎጂ ገና ለምትጀምሩ አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ ሦስቱን በመጠን ወይም በሽታ በማምጣትና ባለማምጣት አትለዩ። ራይቦዞም (ፕሮቲን የሚሠራው የህዋስ ክፍል) አለው ወይ? ግድግዳውና ሽፋኑ ከምን ተሠራ? ብላችሁ ጀምሩ።

ጥያቄ፦ ሦስቱም በዓይን አይታዩም። ዋናው ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ባክቴሪያና አርኬያ ህዋስ ናቸው። ምግብ ይወስዳሉ፣ ኃይል ያመነጫሉ፣ በራሳቸው ራይቦዞም ፕሮቲን ይሠራሉ፣ ለሁለት እየተከፈሉ ይራባሉ። ቫይረስ ህዋስ አይደለም። በፕሮቲን ልባስ የተጠቀለለ ዲኤንኤ ወይም አርኤንኤ (የዘር መረጃ የሚይዙ ሞለኪውሎች) ነው፤ አንዳንዱ ከላዩ የስብ ሽፋን ይደርባል። ራይቦዞም የለውም።

ጥያቄ፦ ባክቴሪያም አርኬያም ኒውክለስ (ዲኤንኤን የሚይዝ የህዋስ እምብርት) የላቸውም። ታዲያ ለምን ተለያዩ?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ለረጅም ጊዜ አንድ ላይ ነበር የሚመደቡት፤ በማይክሮስኮፕ ስታዩአቸው መለየት ይከብዳልና። በ1977 ካርል ዎስ እና ጆርጅ ፎክስ የሚባሉ ሳይንቲስቶች መልክን ትተው የራይቦዞም አርኤንኤን አነጻጸሩ። ሚቴን ጋዝ የሚሠሩት ደቂቅ ህዋሳት፣ ዛሬ አርኬያ ከምንላቸው መካከል የሆኑት፣ ከባክቴሪያ በጣም ርቀው ተገኙ። በ1990 ዎስና ባልደረቦቹ ህይወት ያለውን ሁሉ በሦስት ታላላቅ ክፍሎች መደቡት፦ ባክቴሪያ፣ አርኬያ፣ እንዲሁም ኒውክለስ ያላቸው ዩካርዮቶች።

ጠጋ ብላችሁ ስታዩ ልዩነቱ ግልጽ ነው። የአብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ግድግዳ ፔፕቲዶግላይካን (ከስኳርና ከአሚኖ አሲድ የተሠራ ጠንካራ መረብ) አለው፤ አርኬያ ይህ የለውም። የባክቴሪያ ሽፋን ስቦች፣ ልክ እንደኛ፣ ኤስተር በሚባል የኬሚካል ትስስር የተያያዙ ናቸው። የአርኬያዎቹ ደግሞ ኢተር በሚባል ትስስር ነው፤ ሰንሰለታቸውም ቅርንጫፍ አለው። የኢተር ትስስር በቀላሉ አይበጠስም። በሌላ በኩል ዲኤንኤን ወደ አርኤንኤ የሚገለብጠው የአርኬያ ኢንዛይም ከባክቴሪያው ይልቅ የእኛን ይመስላል። ብዙዎቹም እንደኛ ዲኤንኤያቸውን የሚጠቀልሉባቸው ሂስቶን የሚባሉ ፕሮቲኖች አሏቸው። በመልክ ባክቴሪያን ይምሰሉ እንጂ በዝምድና ለእኛ ይቀርባሉ። በዚህ ትምህርት ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀኝ ነገር የለም።

ጥያቄ፦ አርኬያ የሚኖረው የሚፈላ ውሃና ጨው የበዛበት ቦታ ብቻ ነው?

አይደለም፤ ፈተና ላይ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። በ122 ዲግሪ ሴልሺየስ መራባት የቻለ አርኬያ አለ፤ እውነት ነው። ግን በተራ አፈር፣ በውቅያኖስ፣ በሰው አንጀትም አርኬያ ሞልቷል። ሙቀት ወዳድ ባክቴሪያም አለ። ዲኤንኤ ለማባዛት በላቦራቶሪ የሚሠራበት ታክ የሚባለው ኢንዛይም የተገኘው ፍል ውሃ ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ነው፤ ከአርኬያ አይደለም።

ጥያቄ፦ ቫይረስ ህይወት አለው ወይስ የለውም?

"ህይወት" በምትሉት ትርጉም ይወሰናል። ሳይንቲስቶችም አልተስማሙም። እኔ የሚሠራውን ማየት ይሻላል ባይ ነኝ። ቲ4 የሚባለውን ባክቴሪያ አጥቂ ቫይረስ ውሰዱ። በእግሮቹ ኢ. ኮላይ በሚባል የአንጀት ባክቴሪያ ላይ ይጣበቃል። ጅራቱ ይኮማተርና ዲኤንኤውን እንደ መርፌ ወደ ውስጥ ይልካል፤ ልባሱ ውጭ ይቀራል። ከዚያ የባክቴሪያው ራይቦዞሞች የቫይረሱን ፕሮቲን መሥራት ይጀምራሉ። በግማሽ ሰዓት ገደማ ግድግዳው በኢንዛይም ይፈርስና አዳዲስ ቫይረሶች ይወጣሉ። ልብ በሉ፦ ቫይረሱ አላደገም፣ ለሁለትም አልተከፈለም። ክፍሎቹ ለየብቻ ተሠርተው ተገጣጠሙ።

ጥያቄ፦ ክላሚዲያ የሚባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያም ህዋስ ውስጥ ካልገባ አይራባም። ለምን ቫይረስ አልተባለም?

ድሮ ቫይረስ ነው ተብሎ ነበር! ግን የራሱ ራይቦዞም አለው፤ ለሁለት እየተከፈለም ይራባል። ጥገኛ መሆን ብቻውን ቫይረስ አያሰኝም። አንቲባዮቲክም ይገድለዋል።

ጥያቄ፦ ጉንፋን ሲይዘኝ አንቲባዮቲክ ብወስድስ?

ወንድሜ፣ ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ስለሆነ አይጠቅምህም። ፔኒሲሊን የሚሠራው ባክቴሪያ የፔፕቲዶግላይካን ግድግዳውን እንዳያጠናክር በማድረግ ነው። ቫይረስ ግድግዳም ራይቦዞምም የለውም፤ ስለዚህ መድኃኒቱ የሚይዘው ነገር የለም። ባክቴሪያ ሆኖም ግድግዳ የሌለው ማይኮፕላዝማ በፔኒሲሊን አይጠቃም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ መዋጥ ደግሞ መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች እንዲበዙ መንገድ ይከፍታል። እባካችሁ ተጠንቀቁ።

ጥያቄ፦ "ቫይረስ ምንጊዜም ከባክቴሪያ ያንሳል" እውነት ወይስ ሐሰት?

ሐሰት። አብዛኛው ቫይረስ ከ20 እስከ 300 ናኖሜትር (አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው) ነው፤ ኢ. ኮላይ ደግሞ 2,000 ናኖሜትር ገደማ ይረዝማል። ግን በ1992 አሜባ ውስጥ የተገኘ አንድ ነገር ከትልቅነቱ የተነሳ ለተመራማሪዎቹ ባክቴሪያ መስሏቸው ነበር። ቫይረስ መሆኑ የታወቀው በ2003 ነው። ሚሚቫይረስ ይባላል፤ ከትንንሾቹ ባክቴሪያዎች ይበልጣል።

ጥያቄ፦ አርኬያ በሽታ ያመጣል?

እስካሁን በሽታ አምጪነቱ በማያሻማ መልኩ የተረጋገጠ አርኬያ የለም።

ጥያቄ፦ አርኬያን የሚያጠቃ ቫይረስስ አለ?

አለ፣ እህቴ። መልካቸውም ለየት ይላል፤ የሎሚ ቅርጽ ያላቸው አሉ፣ የጠርሙስ ቅርጽ ያለውም ተገኝቷል።