የናስ ጥርስ ከቆዳ ሽፋን ላይ ለምን ይላቀቃል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ከቁራሌው በምገዛቸው የአሮጌ ሰዓት ጥርሶች (ዙሪያቸው ጥርስ ያለው የሚዞሩ ክብ ናሶች)፣ ቁልፎችና የመዳብ ሽቦዎች የማስታወሻ ደብተር ሽፋን አስጌጣለሁ፤ የእንፋሎት ሞተር ዘመንን የሚያስታውሰውና ስቲምፓንክ የሚባለው ዓይነት ነው። ጥርሶቹን ቆዳው ላይ በነጭ ኮላ ነበር የማጣብቃቸው። ደሴ ለሚኖሩ ደንበኞች የሸጥኳቸው ሦስት ደብተሮች ክረምቱ ሳይወጣ ተመለሱልኝ። ጥርሶቹ ተነቅለዋል፣ ቆዳው ላይ አረንጓዴ ነገር ወጥቷል፣ ሽፋኑ ወደ ውጭ ተቆልምሟል፣ ደብተሩም ሲገለጥ ተዘርግቶ አይተኛም። የተሻለ ማጣበቂያ ይጠቁሙኝ።»

መልስ፦ ማጣበቂያ በመቀየር ችግሩን ለጥቂት ወራት ያዘገዩት ይሆናል እንጂ አያስወግዱትም። ነጭ ኮላ የሚይዘው ውሃው ወደ ወረቀት፣ ወደ እንጨት ወይም ወደ ቆዳ ሰርጎ ሲደርቅ ነው፤ ናስ ግን ውሃ አይመጥም፣ በዚያ ላይ ከሰዓት የወጣ ጥርስ ዘይት የነካው ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ሐምሌና ነሐሴ በዝናብና በጉም የምትከርም ከተማ በመሆኗ፣ ቆዳውና ካርቶኑ እርጥበት ስበው ሲያብጡ ብረቱ ባለበት ይቀራል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ኮላም በእርጥበት ለስልሶ ይለቃል። ጠንካራ የሆነው ማስቲሽ እንኳ ይህን መሳሳብ ለብዙ ዓመት አይችለውም። ስለዚህ በእኔ ሙያ ብረትን ሽፋን ላይ የሚይዘው ሪቬት (ሁለት ጫፉ ተቀጥቅጦ የሚይዝ አጭር ዘንግ) ወይም ሽቦ መሆን አለበት፤ ማጣበቂያ ረዳት ብቻ ነው።

ይህ ደግሞ የሥራውን ቅደም ተከተል ይለውጣል። ሽፋኑ ጌጡን ጨርሶ የሚይዘው ወረቀቱ ከመሰፋቱ በፊት ነው። እኔ በጀማሪነቴ የተሰፋ ደብተር ላይ ሪቬት ልመታ ሞክሬ የመጀመሪያዎቹን ገጾች በስቼአለሁ፣ ክሩንም በጥሼአለሁ። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ካርቶን ቆዳ አልብሰው ካደረቁ በኋላ፣ የጥርሱን የመሐል ቀዳዳ መሪ አድርገው በወስፌ ይብሱ። 2 ሚሊ ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ ጥሩ ሪቬት ይወጣዋል። አንዱን ጫፍ በሞርሳ ይዘው በመዶሻ ራስ ያውጡለት፤ ከፊት ወደ ኋላ አሳልፈው ከውስጥ በኩል ሮንዴላ ያግቡበት፤ ከሮንዴላው በላይ ከ2 እስከ 3 ሚሊ አስተርፈው ይቁረጡትና የፊቱን ራስ ብረት ላይ አስደግፈው፣ ከዳር ወደ መሐል በቀላል ምት ዙሪያውን እያዞሩ ይቀጥቅጡት። በኃይል አንድ ጊዜ ከመቱት ይጎብጣል፤ ካርቶኑንም ያሰነጥቀዋል።

ለሪቬት የሚያንሱ የእጅ ሰዓት ጥርሶችን በቀጭን ሽቦ ይስፏቸው። ሽቦውን በክቡ ዙሪያ ባሉት ሹል ጥርሶች መካከል አሳልፈው፣ ከውስጥ በፒንሳ ከጠመዘዙት በኋላ፣ ካርቶኑ ላይ በስለት በቆፈሩት ቦይ ውስጥ ያስተኙት። ከተቃጠለ ሞተር የሚወጣው የጥቅልል ሽቦ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ላዩ በስስ ቬርኒሽ የተለበጠ ስለሆነ መዳቡ ቆዳውን አይነካም። እንዲያብረቀርቅ ብለው አይፋቁት።

መዳቡ ቆዳውን አይነካም ያልኩት ያዩት አረንጓዴ ነገር ከዚሁ ስለሚመጣ ነው። ናስ የመዳብና የዚንክ ድብልቅ ሲሆን፣ መዳቡ ቆዳው ውስጥ ካለው ቅባት ጋር ሲገናኝ እንደ ሰም የሚለጠፍ አረንጓዴ ነገር ይፈጥራል። ቆዳውን በቅባት ባሹት ቁጥር ይብስበታል። ስለዚህ እያንዳንዱን ጥርስ በሳሙና አጥበው፣ በአልኮል ጠርገውና ፈጽሞ አድርቀው ፊትና ጀርባውን ቀለም የሌለው ቬርኒሽ ሁለት ጊዜ ይቀቡት፤ ከሥሩም ስስ ካርቶን ያኑሩለት። የሚዝገው ብረት ግን ሌላ ጠባይ አለው። በዕፅዋት ቅርፊት በለፋ ቆዳ ላይ እርጥብ ብረት ካረፈ የማይለቅ ጥቁር እድፍ ይተዋል። በክሮም የለፋው የፋብሪካ ቆዳ ይህ ችግር የለበትም፤ ከጫማ ሠሪዎች የሚገኘው ቁራጭ ብዙ ጊዜ ይኸኛው ነው።

ሽፋኑ የተቆለመመው ቆዳው ሲደርቅ ካርቶኑን ወደ ራሱ ስለሳበው ነው። በውስጥ በኩል በዚያው ዓይነት ኮላ ጠንካራ ወረቀት ይለጥፉበት፣ እሱም ሲደርቅ ወደ ውስጥ ይስባልና ሁለቱ ይመዛዘናሉ። በሁለት ጣውላ መካከል ክብደት ጭነው አንድ ሙሉ ቀን ያሳድሩት፤ ጌጡ እንዳይጨፈለቅ ከላይ በኩል ወፍራም ስፖንጅ ያድርጉ። ይህ ወረቀት የሪቬቱንና የሽቦውን ጀርባም ስለሚሸፍን ገጾቹ አይቧጨሩም።

ተዘርግቶ አለመተኛቱ ከጌጡ ጋር አይገናኝም፣ እኔን ግን ከሁሉ የበለጠ የሚያሳስበኝ እሱ ነው፤ ሰው ደብተር የሚገዛው ሊጽፍበት ነውና። ወረቀት እንደ እንጨት የጭረት አቅጣጫ አለው፤ በጭረቱ ሲታጠፍ ይለዝባል፣ ጭረቱን አቋርጦ ሲታጠፍ ግን ይገትራል። የተለመደው ኤ4 ወረቀት ጭረቱ ብዙውን ጊዜ በቁመቱ ስለሆነ፣ ለሁለት ሲያጥፉት እጥፉ ጭረቱን ያቋርጣል። በቁመቱ ጭረት ያለው ኤ3 ገዝተው ለሁለት ቢቆርጡት ግን ኤ4 መጠን ያለው፣ እጥፉም ከጭረቱ ጋር የሚሄድ ወረቀት ያገኛሉ። ለመለየት ወረቀቱን በሁለቱም አቅጣጫ ሳያጥፉ ጎንበስ ያድርጉት፤ የሚለዝበው የጭረቱ አቅጣጫ ነው።

ጀርባውን በኮላ መጠቅጠቅም ይተዉ። በሐይቅ እስጢፋኖስም ሆነ በሌሎች ገዳማት የሚገኙ የብራና መጻሕፍት የሚሰፉበት መንገድ ለእርስዎ ሥራ ተስማሚ ነው። አምስት አምስት ወረቀት አጥፈው ስምንት ጥራዝ ያዘጋጁ፤ 160 ገጽ ይሆናል። በየጥራዙ እጥፍ ላይ ሁለት ጥንድ ቀዳዳ ይብሱ። ለእያንዳንዱ ጥንድ በሰም የታሸ አንድ ክርና በሁለት ጫፉ ሁለት መርፌ ያስፈልጋል። ክሩ ከጥራዙ ሲወጣ ከሥሩ ባለው ስፌት ዙሪያ ይጠመጠምና ወደ ቀጣዩ ጥራዝ ይገባል፤ ከውጭ ሲያዩት እንደ ሹሩባ ተያይዞ ይወርዳል። ሁለቱን ገበታዎች (የፊትና የኋላ ሽፋኖቹን) በዚሁ ክር ከጥራዞቹ ጋር ያያይዟቸው፤ ጀርባውን ሳይሸፍኑ ቢተዉት ስፌቱ ራሱ ጌጥ ይሆንልዎታል።

ስለሚፈታቱት ዕቃ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። ግድግዳ ሰዓት ከመፍታትዎ በፊት የተጠመዘዘውን ሞላ ቀስ አድርገው ያርግቡት፤ በድንገት ከተፈታ ጣት ይቆርጣል። ሌላው፣ እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከተሠሩ ሰዓቶች አንዳንዶቹ ቁጥራቸው በጨለማ እንዲያበራ ራዲየም ባለበት ቀለም ይቀባ ነበር። ዛሬ ባያበራም ጨረሩ አልጠፋም፤ የራዲየም ግማሹ እስኪቀንስ 1,600 ዓመት ገደማ ይፈጃል። እንዲህ ያለውን የሰዓት ፊት አይፋቁ፣ አይብሱ፣ ሰው በየቀኑ በሚይዘው ደብተር ላይም አያድርጉ።

የተመለሱትን ሦስቱን ደብተሮች አይጣሏቸው። ሽፋኑን ከወረቀቱ ይለዩ፤ አረንጓዴውን ያለ ውሃ በእንጨት ስንጥርና በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት። ከሥሩ እድፍ ከቀረ አዲሱ ጥርስ የሚያርፈው በዚያው ቦታ ላይ ስለሆነ ይሸፈናል። በኮላ የተያዘውን ጀርባ በቀጭን ቆርጠው ካነሱ በኋላ ግን ወረቀቱ እጥፍ ስለማይኖረው እንደገና አይሰፋም፤ ለእነዚያ ሽፋኖች አዲስ ጥራዝ ማዘጋጀት ይኖርብዎታል።