ካውያ፣ ካሜራና ቀጠሮ፦ ለጎንደር ሠራተኞች ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጎንደር ውስጥ በቢሮ አስተዳደርና በሠራተኛ ጉዳይ ረጅም ዘመን ሠርቻለሁ። አሁን ደግሞ ከቤቴ ሆኜ ለአዲስ አበባ ድርጅቶች ሪፖርትና ደብዳቤ አርማለሁ። ሁለቱንም ወንበር ስለማውቃቸው ስለ አለባበስና ስለ ሥራ ጠባይ የፈለጋችሁትን ጠይቁ ብዬ ነበር። ጠየቃችሁ፤ እነሆ መልሱ። ስለ ክራቫት ቋጠሮ የጠየቃችሁ ግን ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ከተማችን ውስጥ ክራቫት የግድ የሚያስፈልግባቸው ወንበሮች ጥቂት ናቸው፣ እዚያ የተቀመጡትም ማሰሩን ያውቁበታል።

እትዬ፣ ዘንድሮ ተመርቄ ባንክ ለቃለ መጠይቅ ጠርቶኛል። አዲስ ሙሉ ልብስ ለመግዛት አቅም የለኝም። ሰልባጅ ለብሼ ብሄድ ያስንቀኛል? (ሥራ ፈላጊ፣ ከማራኪ ሰፈር)

አያስንቅህም ልጄ። ፈታኙ ኮቱ ስንት ብር እንደወጣበት አይመለከትም፤ ልክህ መሆን አለመሆኑን ግን ገና በሩን ስትከፍት ያየዋል። ስለዚህ ስትመርጥ ከትከሻ ጀምር። የትከሻው ስፌት የራስህ ትከሻ በሚያልቅበት ቦታ ላይ ይረፍ። ወገቡ ቢሰፋ፣ እጅጌው ቢረዝም፣ ሱሪው ቢጎተት ልብስ ሰፊ በትንሽ ገንዘብ ያስተካክለዋል። ትከሻን ለማስተካከል ግን ኮቱን ፈትቶ እንደ አዲስ መስፋት ስለሚያስፈልግ ለልብሱ ከከፈልኸው በላይ ያስወጣሃል። እጅጌው ሲቆረጥ የሸሚዙ ጫፍ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቅ እንዲል ንገረው።

ሁለት ነገር ደግሞ እለምንሃለሁ። በብዙ ኮቶች እጅጌ ላይ የፋብሪካ ስም ያለበት ቁራጭ ጨርቅ ተሰፍቶ ይመጣል። ይህ ለሻጭና ለገዢ መለያ የተደረገ ነው፤ ክሩን ቆርጠህ አንሣው። ከኋላ ያለው መሰንጠቂያም በመስቀል ቅርጽ በክር ተይዞ ከሆነ ፍታው፤ ልብሱ በጉዞ ቅርጹን እንዳይለቅ የታሰረ ነው። ሠርግ ላይ ሚዜዎች ያንን ጨርቅ እያሳዩ ፎቶ ሲነሡ ዝም ብዬ አልፋለሁ፤ ባንኩ ግን ሠርግ ቤት አይደለም።

የኮቱን የታችኛውን ቁልፍ አትቆልፍ፤ ስትቀመጥ ሁሉንም ፍታ። ካውያውን ማታ ጨርስ፤ ጠዋት መብራት እንደሚኖር ማንም ዋስ አይሆንህም። ሱፍ ከሆነ ካውያው በቀጥታ አይንካው፤ እርጥብ ስስ ጨርቅ በመሃል አድርግ። አለበለዚያ ጉልበቱና ክርኑ ላይ ያብለጨልጫል፣ ያንን ለማስለቀቅ ደግሞ ከባድ ነው።

ከአዘዞ ፒያሳ እመላለሳለሁ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቢሮ ስደርስ ጫማዬ ጫማ አይመስልም። ምን ይሻለኛል? (የመንግሥት ሠራተኛ)

ሁለት ጫማ ይኑርህ። ለመንገዱ የፕላስቲክ ቦቲ ብትጫማ ነውር የለበትም፤ የቢሮው ጫማ ጠረጴዛህ ሥር በካርቶን ይቀመጥ። የቆዳ ጫማ ከራሰ ምድጃ አጠገብም ሆነ ፀሐይ ላይ አታድርገው፤ ቆዳው ድርቅ ብሎ ይሰነጠቃል። ውስጡን በአሮጌ ጋዜጣ ሞልተህ ጥላ ውስጥ አሳድረው፣ ጋዜጣው ሲርስ ቀይረው። ጭቃው ሲደርቅ በብሩሽ አራግፈህ ከዚያ በኋላ ነው ቀለም የሚቀባው። ሊስትሮ ፊት መቀመጥ ጊዜ ማባከን የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። እኔ የቀኑን ሥራ በልቤ የምደረድረው እዚያ ነው፤ ከዚያ የተሻለ ጸጥታ ቢሮ ውስጥም አላገኘሁም።

ለአዲስ አበባ ድርጅት ከቤት ሆኜ ሒሳብ እሠራለሁ። በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ፊቴ ጥላ ብቻ ሆኖ ይታያል። አለቃዬ «ካሜራሽ ተበላሽቷል» ይሉኛል። ልቀይረው? (የሒሳብ ባለሙያ)

አትቀይሪው። ጥፋቱ መስኮቱ ከኋላሽ ስለሆነ ሳይሆን አይቀርም። ካሜራው ብርሃኑን በራሱ ይመጥናል፤ ከጀርባሽ ደማቅ ነገር ካገኘ ያንን ለማደብዘዝ ሲል ፊትሽን አብሮ ያጨልመዋል። ጠረጴዛውን አዙረሽ ፊትሽን ወደ መስኮቱ አድርጊ። ነጭ ልብስም ይህንኑ ያደርጋል። ከቅዳሴ ተመልሰሽ ነጠላሽን እንደለበስሽ ስብሰባ ከገባሽ የሚታየው ነጠላው ነው፣ አንቺ የለሽም። ለጠይም ፊት ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ልብስ ይሻላል። ቀጫጭን መስመር የበዛበት ሸሚዝ ደግሞ ስክሪን ላይ ስለሚንቀጠቀጥ ተዪው።

ላፕቶፑን መጻሕፍት ደርድረሽ ከፍ አድርጊው፤ ካሜራው ከዓይንሽ እኩል ይሁን። ከታች ወደ ላይ ሲያይ የሚያሳየው አገጭና የጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ከኋላሽ አልጋ ካለ መጋረጃ ጣይበት፤ ባዶ ግድግዳ ከሁሉ ይበልጣል።

የመብራቱ ነገር ደግሞ አለ። ስብሰባ ባለበት ዋዜማ ላፕቶፑም ስልኩም ሞልተው ይደሩ። መብራት ሲሄድ የቤቱ ዋይፋይ አብሮ ስለሚጠፋ ስልክሽ ላይ ዳታ ይኑር፤ ያን ጊዜ ቪዲዮውን ዘግተሽ በድምፅ ብቻ ቀጥይ፣ በጣም ያነሰ ዳታ ይበላል። ገና ሲጀመር «ከተቋረጥሁ በስልክ ተመልሼ እገባለሁ» ብለሽ ተናገሪ። አለቃን የሚያናድደው ምን እንደተፈጠረ ሳያውቅ ባዶ ስክሪን ሲያይ መቀመጡ ነው።

በታኅሣሥ ጠዋት ጋቢ ደርቤ ብሠራ ከሥራ ሰው ተርታ እወጣለሁ?

ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በታኅሣሥ ጠዋት ያለ ጋቢ የሚሠራ ካለ እሱ ይጠየቅ። እግርህ ላይ ጣለው። ከወገብ በላይ ሸሚዝና ሹራብ ልበስ። ከወገብ በታችም ደግሞ ሱሪ ይኑር፤ ቻርጀር ፍለጋ በድንገት የሚነሡ ሰዎችን አይተናል።

እኔ ከቤት እየሠራሁ እናቴ ሥራ የፈታሁ ይመስላታል። እህል አስፈጭ፣ ጎረቤት ቡና ጠርታለችና ሂጂ፣ እንግዳ መጥቷልና ውጪ። እምቢ ብል ቅያሜ፣ እሺ ብል ሥራዬ ይበላሻል። (የዲዛይን ሠራተኛ)

ከመጡት ጥያቄዎች ሁሉ በጣም የደጋገማችሁት ይህንን ነው፤ ከወንዶችም ከሴቶችም። እናትሽ አልተሳሳቱም። የሚያዩት ልጃቸው በነጠላ ጫማና በቤት ልብስ፣ ፀጉሯን ሳታበጥር፣ ስልክ ይዛ አልጋ ላይ ተጋድማ ነው። በዚህ መልክ የተቀመጠ ሰው ሥራ ላይ ነው ብሎ ማን ይገምት?

ስለዚህ ክርክሩን ተዪና መልክሽን ለውጪ። ጠዋት ተጣጥበሽ፣ እንደ መሥሪያ ቤት ሰው ለብሰሽ፣ ጫማ አድርገሽ ወንበር ላይ ተቀመጪ። አልጋ ላይ አትሥሪ። የተወሰነ ሰዓት ያዢ፤ የመንግሥት ቢሮ ሰዓትን ብትወስጂ ለቤተሰብ ለመረዳት ይቀላል፦ ጠዋት ከ2:30 እስከ 6:30፣ ከሰዓት ከ7:30 እስከ 11:30። በሩ ሲዘጋ ቢሮ ነሽ፣ ሲከፈት ልጅ ነሽ። ለእናትሽ ግን ቡናቸውን አትንፈጊያቸው። አንዱን ስኒ በምሳ ሰዓት እኩል ተቀመጪላቸው፣ ስልክሽን ሳትይዢ። ወፍጮውንም ቅዳሜ አድርጊው። ደመወዝ በገባ ዕለት አንድ ነገር ገዝተሽ ስትገቢ ደግሞ «ልጄ ሥራ ላይ ናት» እያሉ እንግዳውን በር ላይ የሚመልሱት እሳቸው ይሆናሉ።

ለቅሶ ሲሆን ሌላ ነው። ቢሮ ያለ ሰውም አስፈቅዶ ይሄዳል፤ አንቺም አስፈቅደሽ ሂጂ።

አባቴ ካረፉ ገና ወር አልሞላም። ጢሜን አልተላጨሁም፣ ጥቁር እለብሳለሁ። የቅርብ አለቃዬ «ደንበኛ ፊት እንዲህ አይቀረብም» አለኝ።

እግዚአብሔር ያጽናህ ወንድሜ። አርባው እስኪወጣ ጢም ማሳደግ አገሩ የሚያውቀው ነው፤ ደንበኛህም ሲያይህ «ምን ነካህ?» ብሎ ይጠይቅና ያጽናናሃል እንጂ አይሸሽህም። አንገትህ ላይ ያለውን ጠጉር አስተካክል፣ ጥቁሩን ሸሚዝ በየጊዜው እጠበው፤ ጥቁር ላብና አቧራ አያሳይም የሚባለው ውሸት ነው። ለአለቃህ በአጭሩ፣ ብቻውን ስታገኘው፣ አርባው መቼ እንደሚሆን ንገረው። ቀን ከተቆረጠለት አብዛኛው ሰው ይታገሣል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የምትተዳደር ከሆነም ለወላጅ ሞት 3 የሥራ ቀን ከነደመወዙ ፈቃድ እንደነበረህ እወቅ፤ ሳትጠቀሙበት የቀራችሁ ብዙ እንደምትሆኑ እገምታለሁ።

አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ላቡ ይሸታል። ጨዋ ሰው ነው። እንዴት ይነገራል?

ለብቻው፣ በሥራ መውጫ ሰዓት፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር። «ወንድሜ፣ ለእኔም ቢሆን እንዲነገረኝ ስለምፈልግ ነው፤ ሰሞኑን የላብ ጠረን አለህ» በቂ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሽቶ ማስቀመጥ፣ መስኮት እያጉረመረሙ መክፈት፣ በቡድን መሳቅ የጭካኔ ሥራ ነው። ወንድ ከሆነ ወንድ፣ ሴት ከሆነች ሴት ብትነግር ይቀላል። ሽቶ አትምከረው፤ ላብ ላይ የተነሰነሰ ሽቶ ሁለቱንም ያባብሳል። ጠረኑን የሚያመጡት ላቡ ላይ የሚራቡት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ብብትን በሳሙና መታጠብና ሸሚዝን በየቀኑ መቀየር ነው መፍትሔው። በክረምት ደግሞ ሳይደርቅ የተለበሰ ልብስ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ይሸታል፤ ይህ ከሆነ ጥፋቱ የሰውየው ሳይሆን የዝናቡ ነው።

ፀጉሬን ቅቤ ተቀብቼ ቢሮ ብገባስ?

ዓርብ ማታ ተቀቢው፣ እሑድ ታጠቢው። ሹሩባው ራሱ ግን በየትኛውም ቢሮ ያምራል፤ የሚከለክል አለቃ ካለ ላኪልኝ።

ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ እሠራለሁ። በጥምቀት ሰሞን የአገር ልብስ እንድንለብስ ታዘናል። ነጠላው ሥራ አላሠራ አለኝ።

ጥር 10 እና 11 ለፋሲለደስ መዋኛ የሚመጣው እንግዳ ብዛት ይገባኛል፤ እጅሽ ፓስፖርት፣ ቁልፍና ኮምፒውተር ላይ ነው። ነጠላውን እንደ መቀነት ወገብሽ ላይ አደግድጊው፤ ለማስተናገድ የሚደገደገው ድሮም ለዚህ ነው። ትከሻ ላይ የተጣለ ነጠላ ማተሚያ ማሽን ውስጥ ሲገባ አንድ ጊዜ ያየ ሰው ዳግመኛ አይደፍረውም። ብቻ ስትለብሺ ጥለቱን እዪ፤ ቸኩለሽ ዘቅዝቀሽ ከለበስሽው ሐዘን ይሆናልና ሽማግሌዎቹ እንግዶች ማን ሞተባት ብለው ይጨነቃሉ።

ለውጭ አገር ደንበኛ «በ8 ሰዓት እንገናኝ» ብዬ ጻፍሁለት። እሱ ጠዋት ገብቶ ጠብቆኝ ሄዷል፣ እኔ ከሰዓት ገባሁ። አሁን መልስ አይሰጠኝም። (ሶፍትዌር ሠሪ)

መጀመሪያ ይቅርታ ጻፍለት፣ ምክንያቱንም በሁለት መስመር አስረዳ፤ ቀናችን ከንጋት እንደሚቆጠር ሲሰማ ይገረማል እንጂ አይቆጣም። ከእንግዲህ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ጻፍ፦ የእኛ ከሰዓት 8፣ 14:00 ነው፤ አጠገቡም የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት፣ ጂኤምቲ ሲደመር 3 በል። ለንደን ያለ ደንበኛ ያንን በክረምታቸው 11:00፣ በበጋቸው 12:00 ላይ ያገኘዋል፤ እነሱ በማርችና በኦክቶበር መጨረሻ ሰዓታቸውን ሲያዞሩ እኛ አናዞርም። ቀንም ስትጽፍ ሁለቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን አድርግ፤ በተለይ «በወሩ መጨረሻ አስረክባለሁ» አትበል፣ ጳጉሜን የት ትግባ?

በአባትህ ስም ቢጠራህም አትቀየም። በእነሱ ዘንድ ኋላ ያለው የቤተሰብ ስም ነው። ከደብዳቤህ ግርጌ የምትጠራበትን ስም ለይተህ ጻፍ።

እኔ ኃላፊ ነኝ። ሠራተኞቼ ተጨማድዶና አቧራ ለብሶ መግባት ለምደዋል። የአለባበስ ደንብ አውጥቼ ልፈርም ነው። ምን ይላሉ?

ከመፈረምዎ በፊት መጸዳጃ ቤቱን ይጎብኙ። ጎንደር ውስጥ ውሃ በፈረቃ የሚመጣባቸው ሰፈሮች እንዳሉ እርስዎም ያውቃሉ፤ ሠራተኛዎ ጠዋት ፊቱን የታጠበው በጀሪካን ሊሆን ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በርሜል ውሃ፣ ሳሙና፣ አንድ መስታወት፣ የኮት መስቀያና የጫማ ብሩሽ ያቅርብ። ዋጋቸው ደንቡን ለማወያየት ከሚባክነው ቀን ያንሳል። እርስዎ ራስዎ 2:30 ላይ ወንበርዎ ላይ ይገኙ። ከዚያ በኋላም የሚቀር ነገር ካለ ደንቡን ይጻፉትና ይላኩልኝ፤ ከአንድ ገጽ ከበለጠ ግን ቀይ ብዕሬን አነሣለሁ።