ፍልሰታና የአሜሪካ በቆሎ ሾርባ

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች፣ ኮርን ቻውደር የሚባለውን ወፍራም የበቆሎ ሾርባ ስሙን ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ክሬምና ቤከን ስላለበት ብዙዎቻችን በሩቁ እናየዋለን። እኔ ግን ያለ ሁለቱም ይጥማል ባይ ነኝ። ደግሞ ጊዜው! በሰሜን ምሥራቅ ግዛቶች ትኩስ በቆሎ ገበያውን የሚሞላው ልክ ፍልሰታ ሲገባ ነው።

ይህ በቆሎ እንደ አገር ቤቱ እሸት አይደለም፤ ስኳር ይበዛበታል። ከተቆረጠ በኋላ ግን ስኳሩ ቶሎ ወደ ስታርች ይለወጣል። ስለዚህ በገዛችሁበት ቀን ሥሩት። ሰንብቶ ከደረቀ እሸት የፍሪዘሩ ይሻላል።

ለ4 ሰው 6 በቆሎ ይበቃል። ፍሬውን በቢላ ከላይ ወደ ታች ቁረጡት። ከዚያ ቆረቆንዳውን በቢላው ጀርባ ፋቁት፤ ወተት የመሰለ ነገር ይወጣል። ሾርባውን ክሬም የገባበት የሚያስመስለው እሱ ነው። ቆረቆንዳውንም እንዳትጥሉት! በ6 ኩባያ ውሃ ግማሽ ሰዓት ቀቅሉትና አውጡት። ውሃው የዶሮ መረቅን ይተካል።

1 ሽንኩርትና 2 ዘንግ ሴለሪ ከትፋችሁ በዘይት አብስሉ። እዚህ ላይ የለመደ እጃችንን እንያዝ፤ እንደ ወጥ ቁሌት አይደለም፣ ቀለሙ ሳይለወጥ ይለስልስ። 2 ድንች በትንንሹ ቆርጣችሁ ከቆረቆንዳው ውሃ ጋር ጨምሩ። ድንቹ ሲበስል በቆሎው ከነወተቱ ይግባ፣ ጨው ይጨመር፣ 5 ደቂቃ ብቻ። ከዚያ 2 ጭልፋ አውጥታችሁ፣ በረድ ሲል በብሌንደር ፈጭታችሁ መልሱት። ትኩሱን ብትፈጩት ክዳኑን ፈንቅሎ ይረጫችኋል። ዱቄት አያስፈልገውም።

በፍስክ ወተት የሚጨምር ሰው መጨረሻ ላይ፣ እሳቱን ቀንሶ ይጨምር። ከፈላ ይቆራረጣል።

ከአምባሻ ጋር አቅርቡት፣ ቃሪያም ከላይ ጣል አድርጉበት። በርበሬ ጣዕሙን ይውጠዋል። ሚጥሚጣ ግን ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ፣ የፈለገ ይነስንስ።

ሰው ቤት ወይም ሥራ ቦታ ሲቀርብላችሁ ግን ጠይቁ። ቤከኑ የአሳማ ነው። ሥጋው ባይታይ እንኳ ሽንኩርቱ የበሰለው በስቡ ሊሆን ይችላል። ክሪም ስታይል የሚባለው የቆርቆሮ በቆሎ ግን ስሙ ያስፈራል እንጂ ብዙውን ጊዜ ወተት የለበትም። ጀርባውን አንብቡና ለጾም ግዙት።