ፍሪጁን ካቢኔ ውስጥ ልደብቀው ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። አዳማ፣ ደምበላ አካባቢ ቤት እያስጨረስን ነው። ኪችን ካቢኔቱ ገና አልተሠራም። ስልኬ ላይ አንድ ኪችን አይቼ ልቤ ቀረ፤ ፍሪጁም ዕቃ ማጠቢያ ማሽኑም አይታይም፣ ሁሉም የካቢኔ በር ነው የሚመስለው። ካቢኔ ሠሪያችን ደግሞ «ያለሽን ፍሪጅ አምጪው፣ በር ለጥፌ እሸፍነዋለሁ» አለኝ። ይሆናል?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። ግን በሩን አታስለጥፊ።

ያየሽው ፍሪጅ ከመጀመሪያውም እንዲደበቅ ተብሎ የተሠራ ነው። ሻጮቹ ቢልት ኢን ወይም ፓኔል ሬዲ ይሉታል። ፊቱ ባዶውን ነው የሚመጣው፤ ከቀሩት የካቢኔ በሮች ጋር አንድ ዓይነት የሆነውን በር አንቺ አሠርተሽ ታስገጥሚበታለሽ። አየር የሚያገኘውም በካቢኔው ሥር ገብቶ፣ በጀርባው ወጥቶ፣ በላይ በሚተነፍስ መንገድ ነው። ያለሽ ፍሪጅ እንደዚያ አይደለም። አብዛኞቹ ሙቀታቸውን በጎንና በጀርባ ነው የሚያወጡት። እጅሽን ጎኑ ላይ አድርጊው፣ ሞቅ ይላል። ሳጥን ውስጥ ከዘጋሽበት የራሱን ሙቀት መልሶ ይታጠናል፣ ሞተሩ አያርፍም፣ መብራቱን ይበላል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

ይህን የተማርኩት በራሴ ኪስ ነው። ቢልት ኢን ገዛሁ፣ ካቢኔ ሠሪው ግን ለማሳመር ብሎ ዞኮሎውን፣ ከካቢኔው ሥር ወለሉ ጋ ያለውን መሸፈኛ ጣውላ፣ ከዳር እስከ ዳር ደፈነው። እውነትም ያምር ነበር! ሌሊት ስነሳ ፍሪጁ ያጓራል፣ ጠዋትም ያጓራል፣ የገዛሁት ወተት ደግሞ ሳይመሽ ይኮመጥጣል። አንድ ቀን ዞኮሎውን ነቅዬ እጄን ብሰድ የታመቀው አየር ልክ ከምጣድ ሥር እንደሚወጣ ያለ ነው። ዞኮሎውን በመጋዝ ቀደን ፍርግርግ አደረግንበት፣ ከላይም ከፈትንለት። ማታውኑ ሞተሩ ማረፍ ጀመረ።

ስለዚህ የአየር መግቢያው እንዳይደፈን ተከራከሪ። ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ከታችም ከላይም ቢያንስ 200 ካሬ ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይጠይቃሉ። ማለትም 50 ሴንቲ ርዝመት በ4 ሴንቲ ከፍታ። ከጀርባውም 4 ሴንቲ ያህል ይተውለት። አዳማ ላይ አቧራው ከነፋሱ ጋር ስለሚገባ ፍርግርጉ በቀላሉ ተነቅሎ የሚጠረግ ይሁን።

ሌላው፣ ሲገዙ ውስጡ ያለውን ምልክት እዩ። «ኤን» የሚለው እስከ 32 ዲግሪ ለሚሞቅ ክፍል ነው የተሠራው፣ «ኤስቲ» እስከ 38፣ «ቲ» እስከ 43። በበልግ ሙቀት፣ ምድጃ በሚነድበት ኪችን ውስጥ፣ እኔ ብሆን ከኤስቲ በታች አልገዛም።

ልኩን በተመለከተ አብዛኛው የአውሮፓ ልክ ቦታው 56 ሴንቲ ስፋት፣ 55 ሴንቲ ጥልቀት ይፈልጋል፣ ረጅሙ ዓይነት ቁመቱ 178 አካባቢ ነው። ግን ይህን ከእኔ አትውሰጂ። ከዕቃው ጋር የመግጠሚያ ሥዕል ያለበት ደብተር ይመጣል፤ እሱን ለካቢኔ ሠሪው በእጁ ስጪው። መጀመሪያ ዕቃው፣ ቀጥሎ ካቢኔው። ሠሪው «ልኩን በቃሌ አውቀዋለሁ» ካለሽ ፈገግ በይና ሜትሮውን አቀብይው።

የበሩም ክብደት ይታሰብበት። 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀ ጣውላ)፣ 60 በ100 ሴንቲ ሆኖ ሲቆረጥ ወደ 8 ኪሎ ይመዝናል። አንዳንዱ ፍሪጅ በሩን በራሱ ማጠፊያ ነው የሚሸከመው፣ አንዳንዱ ደግሞ በሩ በካቢኔው ማጠፊያ ተንጠልጥሎ በፍሪጁ በር ላይ በሐዲድ ይንሸራተታል። በተለይ የመጀመሪያው ከሆነ ክብደቱ ከተፈቀደው ሲያልፍ በሩ ይወርዳል፣ ጎማው አይገጥምም፣ ከዚያ በኋላ ብርዱ ወደ ሳሎን ነው። ሶኬቱንም ከጀርባው አታስቀምጡ። ጎን ባለው ካቢኔ ውስጥ ይሁን፣ መብራት ሲዋዥቅ ፍሪጁን ሳትጎትቺ ትነቅያለሽ። ስታብላይዘሩም እዚያው ይቀመጥ።

እኔን ከጠየቅሽኝ ግን፣ ብር ካጠረ ያለሽን ፍሪጅ ግራ ቀኙን ክፍት አድርገሽ ተይውና ዕቃ ማጠቢያውን ብቻ ደብቂ። እሱ ይቀላል፣ 60 ሴንቲ ስፋትና ወደ 82 ሴንቲ ቁመት ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ እኛ ውሃ የምንጠቀመው ከሮቶ ነው። ካቢኔ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ይሠራልን?

መልስ፦ ውሃው አይደለም የሚያስቸግራችሁ፣ ለአንድ ዙር 10 ሊትር ገደማ ነው የሚፈጀው፤ በእጅ ስናጥብ ከዚያ በላይ እናፈሳለን። የሚያስቸግራችሁ ግፊቱ ነው። ግፊት በባር ይለካል፤ ብዙዎቹ ማሽኖች ቢያንስ 0.5 ባር ይፈልጋሉ፣ ጥቂቶቹ 0.3 ይበቃቸዋል። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ገደማ ስለሚሰጥ፣ ሮቶው ከማሽኑ 3 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ 0.3 ነው ያላችሁ። 0.5 የሚፈልገው ማሽን «ውሃ የለም» ብሎ ይቆማል፣ እናንተም ማሽኑ ተበላሸ ትላላችሁ። ወይ ቆጡን ከፍ አድርጉ፣ ወይ ትንሽ ፓምፕ ጨምሩ። ማጣሪያም ከመግቢያው በፊት ይግጠሙ፣ የሮቶ ደለል ቫልቩን ይዘጋዋል። ጀበናውን ግን እንዳታስገቡበት፣ ሸክላ ነው።

ጥያቄ፦ እህቴ ከአሜሪካ ፓኔል የሚገጠምለት ዕቃ ማጠቢያ ልትልክልኝ ነው። ልቀበል?

መልስ፦ በትህትና እምቢ በል። የእነሱ 120 ቮልት 60 ሄርዝ ነው፣ የኛ 220 ቮልት 50 ሄርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርድልሃል፣ ሄርዙን ግን አይነካውም። ውሃውን የሚያሞቀው ክፍሉም ብዙ መብራት ስለሚስብ ትራንስፎርመሩ ራሱ ትልቅና ውድ ይሆንብሃል፣ የት ልታስቀምጠው? ብሩን ብትልክልህ ይሻላል። ዱባይ ያለ ዘመድ ካለህ ግን የዚያ አገር መብራት ከኛ ጋር ስለሚስማማ፣ ሶኬት መሰኪያውን ብቻ ነው የምትቀይረው።