ኮምፒዩተሩ አለ፣ መምህሩ ግን አይመጣም

ጥያቄ፦ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነኝ። ባለፈው ዓመት 12 ኮምፒዩተሮች ተሰጥተውን መምህራኑ ለሁለት ቀን ሠልጥነው ነበር። ይሁን እንጂ ዛሬ የሚጠቀሙባቸው ውጤት ለመመዝገብ የሚመጡ ጥቂት መምህራን ብቻ ናቸው፤ መጻሕፍቱንም የሚጠይቀኝ እምብዛም የለም። ኢንተርኔቱ አንድ ቀን ቢሠራ ሁለት ቀን ይጠፋል። መምህራኑን እንዴት ላግዛቸው? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ በቅድሚያ መምህራኑን በስንፍና ባንጠረጥራቸው መልካም ነው። ብዙዎቹ፣ በመምህርነትም ሆነ በተማሪነት፣ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርትን ያስታውሳሉ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በሳተላይት የተጀመረው ያ ትምህርት ለመምህሩ የተወለት የክፍለ ጊዜውን መግቢያና መዝጊያ ነበር፤ ተማሪው ባይገባውም መምህሩ ሥርጭቱን ማስቆም አይችልም ነበር። ስለዚህ አሁን የሚያቀርቡላቸው ነገር ሁሉ መምህሩ ሲፈልግ የሚያቆመው፣ ሲፈልግ የሚደግመው መሆን አለበት።

የሁለት ቀኑ ሥልጠና መምህሩን ከኮምፒዩተሩ ጋር አስተዋውቆት ይሆናል፤ ለሐሙሱ ክፍለ ጊዜ ግን ምንም አላስያዘውም። እርስዎ ከዚያኛው ጫፍ ይጀምሩ። አንድ ፈቃደኛ መምህር ይምረጡና በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ተማሪዎቹን የሚያስቸግረው ርዕስ የትኛው እንደሆነ ይጠይቁት። የፊዚክስ መምህር ሆኖ የኤሌክትሪክ ዑደት ነው ቢልዎት፣ የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያዘጋጃቸው ፌት የተባሉት ነፃ የተግባር ማሳያዎች አሉ። እያንዳንዱ ማሳያ ኢንተርኔት በሚሠራበት ቀን አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ በፍላሽ ተይዞ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል፤ ተማሪው ባትሪውን፣ አምፖሉንና ሽቦውን ራሱ እያገናኘ፣ ምንም ሳያቃጥል ይሞክራል። ከፍላሹ ጋር ከመደርደሪያዎ ስለዚሁ ርዕስ የሚያትቱ ሁለት ሦስት መጻሕፍት፣ ገጻቸው በወረቀት ቁራጭ ተመልክቶ፣ በመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ያኑሩለት። ይህን ከእርስዎ የተሻለ የሚሠራ ሰው በግቢው ውስጥ ያለ አይመስለንም።

ለኢንተርኔቱ መቆራረጥ ኪዊክስና ኮሊብሪ የተባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ይረዳሉ። የመጀመሪያው ዊኪፒዲያን በሙሉ ኮምፒዩተር ላይ ያስቀምጣል፤ ሁለተኛው አንዱን ኮምፒዩተር አገልጋይ አድርጎ ትምህርቶችን በግቢው ኔትወርክ ለሌሎቹ ያዳርሳል። ሆኖም የአማርኛው ዊኪፒዲያ ገና ስስ ስለሆነ ለአማርኛና ለታሪክ መምህራን መደርደሪያዎ ይሻላል።

መምህራኑ በቴሌግራም የሚቀባበሏቸውን መጻሕፍትም አይናቁ። ችግሩ አሮጌው ሥርዓተ ትምህርት ከአዲሱ ጋር ተቀላቅሎ መገኘቱ ነው፤ በየክፍሉና በየትምህርቱ የተለየ፣ እርስዎ ያጣሩት አንድ ፎልደር ብዙ ድካም ያስቀራል።

ጊዜን በተመለከተ ከርዕሰ መምህሩ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። መምህራን ለተከታታይ ሙያ ማሻሻያ በዓመት 60 ሰዓት እንዲያውሉ ይጠበቃል፤ ከእርስዎ ጋር የሚያሳልፉት ግማሽ ሰዓት ከዚያ ውስጥ ካልተቆጠረ ተጨማሪ ሸክም ይሆንባቸዋል፣ ቢሸሹትም አይፈረድባቸውም።

ፈቃደኛውን መምህር ፍለጋም ሩቅ መሄድ አይኖርብዎትም። ውጤት ለመመዝገብ የሚመጡት ከክፍሉ ገብተው ተቀምጠዋልና፣ ጥያቄዎን ከእነርሱ ይጀምሩ።