የልጆች ጌም ላይ ያለው ቻት ደህና ነው ወይ ላላችሁ፣ መጀመሪያ አካውንቱ ላይ የተጻፈውን የልደት ዓመት እዩት

እህቴ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ሱቅ ዘግቼ ስገባ ነው ያየሁት። «ልጄ 11 ዓመቷ ነው፣ ሮብሎክስ የሚባለው ጌም ላይ ከማታውቃቸው ልጆች ጋር ስትጻጻፍ አየኋት፣ እንደዚህ አሻንጉሊት የመሰለ ሰው ሆነው እየዞሩ የሚያወሩበት ነገር ለልጅ ደህና ነው ወይ፣ ልከልክላት ወይስ ልተዋት» ነው ያልሽው። ከስር ግማሹ ሰው ስልኩን ንጠቂያት ብሎሻል ግማሹ ደሞ ጌም እኮ ነው ምን ችግር አለው ብሎሻል። እኔ በሁለቱም አልስማማም፣ ረዘም አድርጌ ነው የምጽፍልሽ ምክንያቱም ይሄ ነገር ቤታችን ገብቶ አይቼዋለሁ።

ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ የሞባይል ሱቅ አለኝ፣ ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ እዚህ ሥራ ላይ። ስልክ እሸጣለሁ፣ እጠግናለሁ፣ ጂሜይል እከፍታለሁ፣ ለልጆቹ ደሞ ዳይመንድ ሮቡክስ ምናምን የሚባለውን የጌም ገንዘብ እሞላለሁ። በክልላችን በኛ አቆጣጠር ከ2015 ክረምት ጀምሮ ዳታ ለብዙ ወራት ጠፍቶ ሲመለስ ጊዜ ልጆቹ የተጠማ ሰው ውሃ እንዳገኘ ነው የሆኑት፣ ከትምህርት ቤት መልስ ዩኒፎርማቸውን እንኳን ሳያወልቁ በረንዳዬ ላይ ተደርድረው ዋይፋይ የሚለምኑኝ አሉ። ስለዚህ የሚጫወቱትንም የሚጻጻፉትንም በቅርብ አያለሁ።

በቀጥታ ለመመለስ ያህል፣ እንዲሁ ለቀቅ ካደረግሻት ደህና አይደለም። ግን እኔ ባየሁት መጥፎ ሰው የሚገባበትን በር የምንከፍተው ብዙ ጊዜ እኛው አዋቂዎቹ ነን፣ ሳናውቀው። ላስረዳሽ።

ልጅሽ 11 ዓመቷ ከሆነ በኛ አቆጣጠር በ2007 ነው የተወለደችው አይደል? ጌሙ የልደት ቀንሽን አስገቢ ሲላት 2007 ብላ ነው የምታስገባው፣ ምን ታድርግ የምታውቀው እሱን ነው፣ የክትባት ካርዷም ላይ ያለው እሱ ነው። ጌሙ ግን የፈረንጅ 2007 ነው ብሎ ነው የሚይዘው፣ በሱ ሂሳብ ልጅሽ 18፣ 19 ዓመት የሆናት ኮረዳ ናት። ለሕፃን ተብሎ የሚዘጋው ነገር አብዛኛው ለሷ ክፍት ሆነ ማለት ነው። ይሄን አንድ ሁለት ልጅ ላይ አይደለም ያየሁት፣ ሱቄ ከሚመጡት ስልኮች ላይ ስንቱን እንዳስተካከልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ሁለተኛው ደሞ የኛ የሱቅ ሰዎች ጥፋት ነው፣ ደንበኛ ቆሞ ሲጠብቅ ፈጠን ብለን ጂሜይል ስንከፍት የመጣልንን ዓመት ነው የምንሞላው፣ 1990 ወይ የራሳችንን። እኔም እንደዛ ሳደርግ ነው የኖርኩት።

እነዚህ ድርጅቶች 13 ዓመት 13 ዓመት የሚሉት አሜሪካ በ1998 (የውጪዎቹን ዓመቶች በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ) የወጣ ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ እንዳይሰበስቡ የሚከለክል ሕግ ስላለ ነው፣ እና ጥበቃው በአብዛኛው የቆመው ያስገባሽው ዓመት ላይ ነው። ለምሳሌ ሮብሎክስ በ2024 መጨረሻ አካባቢ ከ13 በታች የሆኑ ልጆች ከጌሙ ውጪ በግል መልእክት እንዳይጻጻፉ አድርጎ ነበር፣ ወላጅም የራሱን አካውንት ከልጁ ጋር አያይዞ ጓደኞቿን፣ የምትጫወትበትን ሰዓት፣ የምታወጣውን ብር ከራሱ ስልክ ማየት እንዲችል ሆነ። ጥሩ ነገር ነው። ልጅሽ ግን 19 ዓመቷ ነው ተብሎ ከተመዘገበ ይሄ ሁሉ ለሷ ምን ይሠራላታል? በ2026 መጀመሪያ ደሞ ቻት የሚፈልግ ሰው ካሜራ ላይ ፊቱን አሳይቶ ወይ በመታወቂያ ዕድሜውን እንዲያረጋግጥ አደረጉ፣ ከ9 ዓመት በታች ከሆነ ደሞ ወላጅ ካልፈቀደ ቻቱ ዝግ ነው። ይሄም ጥሩ ነው ግን ልጆቹን አታውቂያቸውም። ፊት ከሚጠይቁት ጌሞች ባንዱ የሚጫወት አንድ የ10 ዓመት ልጅ ሱቄ መጥቶ «ጋሼ አንዴ ፊትህን ለስልኬ አሳይልኝ፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ማዞር ብቻ ነው» አለኝ። እኔ እንቢ አልኩት፣ ሌላ ሰው ግን እሺ ይለዋል፣ ልጅ ሲለምን አንጀት ይበላላ።

ይሄ ችግር ዛሬ የመጣ እንዳይመስልሽ። ሃቦ ሆቴል የሚባል የፊንላንዶች ነበር፣ በ2000 የተጀመረ፣ ልክ እንደዚህ አሻንጉሊት ሆነሽ ክፍል ለክፍል እየዞርሽ የምታወሪበት፣ በ2012 የእንግሊዙ ቻናል 4 ጋዜጠኞች ገብተው አዋቂዎች ልጆቹን ምን እያሏቸው እንደሆነ ሲያወጡት ድርጅቱ የሁሉንም ሰው ቻት ለጊዜው ጸጥ ነው ያደረገው። ኦሜግል የሚባለው ድረ ገጽ ደሞ ከማታውቂው ሰው ጋር ዝም ብሎ የሚያገናኝ ነበር፣ በልጆች ላይ በተፈጸመ ነገር ተከሶ በ2023 ጭራሽ ተዘጋ። ቱርክ በ2024 ሮብሎክስን ራሱን ዘግታዋለች። ለየት ያለው ክለብ ፔንግዊን ነበር፣ ዲዝኒ የገዛው፣ ወላጅ ከፈለገ ልጁ የራሱን ቃል መጻፍ አይችልም፣ ከተዘጋጁት ዓረፍተ ነገሮች እየመረጠ ብቻ ነው የሚናገረው። እኔ ለትንንሾቹ እንደሱ ያለ ቢበዛ ነው የምመርጠው፣ ግን እሱም በ2017 ተዘጋ።

ማጣሪያ አለው የሚሉሽ ደሞ አሉ። አለው፣ ስድብና ስልክ ቁጥር ሲጻፍ ቶሎ መሰላል ምልክት (#) አድርጎ ይሸፍነዋል። ግን የኛ ልጆች አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጽፉት፣ ባንዱ በኩል ሲዘጋባቸው በሌላ አጻጻፍ ያስገቡታል፣ እኔ ባየኋቸው ጌሞች ላይ ብዙው ያልፋል። ስለዚህ እሱን ተማምነሽ አትተኚ።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ። የእህቴ ልጅ ናት፣ ያኔ 12 ዓመቷ ነበር፣ ጎበዝ ተማሪ፣ ዝምተኛ። ስልኩን የሰጠኋት እኔ ነኝ፣ ከሱቅ አንድ ያገለገለ አንስቼ፣ አካውንቱንም የከፈትኩላት በራሴ የትውልድ ቀን ነው። የጌሙን ስም አልጠራም። ባለፈው ክረምት ቤት ውስጥ ነው የምትውለው፣ የኛን አገር ክረምት ታውቂዋለሽ ጉሙና ብርዱ ሰው ከቤት አያስወጣም፣ ጋቢ ተከናንባ ስልኩ ላይ ናት። እዛ አንዲት ልጅ ተዋወቀች፣ 13 ዓመቴ ነው አዲስ አበባ ነኝ ትላለች። መጀመሪያ አብረው ቤት ሠሩ፣ ከዛ ለአሻንጉሊቷ ልብስ ገዛችላት፣ ከዛ ደሞ ሌላ። ጥያቄዎቹን በኋላ ሳነባቸው ነው ያመመኝ። የትኛው ትምህርት ቤት ነሽ፣ እናትሽ ከሥራ በስንት ሰዓት ነው የምትመጣው፣ ስልክሽን ማን ማን ያየዋል። ይሄን ሁሉ በጨዋታ መሀል፣ አንድ ሁለት እያደረገች። ሁለት ሳምንት ሲሆን እዚህ ይቆራረጣል ብላ ወደ ሌላ መልእክት መላኪያ ወሰደቻት፣ ፎቶ ላኪልኝ፣ ላከች፣ በዩኒፎርም። ከዛ ሌላ ዓይነት ፎቶ ተጠየቀች። እንቢ ስትል ንግግሩ ተቀየረ፣ ያንን ፎቶ ከመጥፎ ነገር ጋር አቀናብሬ ለትምህርት ቤትሽ ልጆች ነው የምበትነው፣ 500 ብር ላኪ።

እኛ እንዴት አወቅን? ልጅቷ 500 ብር ይዛ ሱቄ መጣች። «ጋሽዬ ይቺን ብር በስልክ ላክልኝ፣ ለጓደኛዬ ናት» አለችኝ። ቁጥሩን ሳስገባ ከመላኬ በፊት ስም ያመጣል አይደል፣ የሰውዬ ስም መጣ። ማነው ይሄ ስላት ቆማ ነው ማልቀስ የጀመረችው፣ ደንበኛ ሁሉ እያየ። ሱቁን ዘግቼ ሻይ አስመጥቼላት ቁጭ አልን፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጀባት ለመናገር። ብሩ ከእናቷ ቦርሳ ነው።

ለምን እስካሁን አልነገርሽንም አልኳት። «እማዬ ስልኩን ትነጥቀኛለች ብዬ ነው» አለችኝ። እህቴ በየቀኑ የምትላት እሱን ነበር፣ አንድ ነገር ባገኝ ስልኩን ነው የምሰብረው እያለች። ልጅቷ ደሞ ይሄን ለዛ ሰውዬ ነግራዋለች፣ ገና በጓደኝነቱ ጊዜ፣ እና ማስፈራራት ሲጀምር ያለው ምን መሰለሽ፣ «ለእናትሽ ብትነግሪ ስልክሽን ነው የምትሰብረው፣ እኔ ግን እዚሁ ነኝ»። የኛን ቁጣ ነው ለራሱ መሣሪያ ያደረገው። ለዚህ ነው ንጠቂያት ያሉሽን ሰዎች ሳነብ ዝም ማለት ያቃተኝ።

ብሩን አልላክንም። አንዴ ከላክሽ እንደምትከፍዪ አወቀ ማለት ነው፣ ነገ ይጨምራል። ብሎክ ከማድረጋችን በፊት ሁሉንም በስክሪንሹት አነሳን፣ የተጠቃሚ ስሙን፣ ስልክ ቁጥሩን፣ ብር ላኪበት ያለውን ስም፣ ቀኑን። ብዙ ሰው ደንግጦ ሁሉንም ያጠፋል፣ እባካችሁ አታጥፉ። ከዛ ሪፖርት አደረግን ብሎክ አደረግን፣ ወደ ፖሊስ ሄደን ሴቶችና ሕፃናትን የሚመለከተው ክፍል ቃላችንን ሰጠን። በሌላ አካውንት ሁለት ጊዜ ጻፈ፣ መልስ ሲያጣ ተወ። እህቴ የዛን ቀን ልትመታት ተነስታ ነበር፣ መሀል ገብቼ እኔን ምቺኝ ነው ያልኳት፣ አካውንቱን የከፈትኩት እኔ ነኛ።

ሕጉን ለማወቅ ለምትፈልጉ፣ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ፣ ልጅን በመልእክትም በፎቶም ለወሲብ ነገር ማባበልና የልጅን እንዲህ ያለ ምስል መያዝም ማሰራጨትም በሱ ያስቀጣል። ስለዚህ የጌም ነገር ነው ብሎ ለሚመልሳችሁ ሰው እሱን ጥቀሱለት። ደሞ የባሰ ሆኖ እርቃን ፎቶ ተልኮ ከሆነ ቴክ ኢት ዳውን የሚባል ነጻ አገልግሎት አለ፣ አሜሪካ ያለው የጠፉና የተበደሉ ሕፃናት ማዕከል ነው የሚያሠራው፣ ፎቶውን ለማንም ሳትልኪ የፎቶውን አሻራ ብቻ (ፎቶውን የሚለይ ኮድ ማለት ነው) ወስዶ አብረውት የሚሠሩት መድረኮች ላይ እንዲነሳ ያደርጋል።

ወንዶቹ ላይ ያለው ትንሽ ይለያል። ፍሪ ፋየርና ፐብጂ የሚባሉት የተኩስ ጌሞች ላይ ወሬው በድምጽ ነው፣ አራት ሆነው ሲጫወቱ አንዱ የ30 ዓመት ሰው ሊሆን ይችላል፣ የሚሰሙት ስድብ ራሱ ሌላ ነው። ነጻ ዳይመንድ የሚል ሊንክ እየነኩ አካውንታቸውን የሚዘረፉትማ በየሳምንቱ ነው የሚመጡልኝ። ኢርፎን አውልቀው በስፒከር ይጫወቱ በሉ፣ ድምጹ ቤት ውስጥ ሲሰማ ብዙ ነገር ይቀንሳል።

አንቺ ልጅሽን ጨርሰሽ ብትከለክያት ጓደኛዋ ቤት ሄዳ ትጫወተዋለች፣ ያኔ አንቺ የለሽም። መጀመሪያ አጠገቧ ቁጭ በይና የሠራሽውን ቤት አሳይኝ በያት፣ ደስ ነው የሚላት፣ እያሳየችሽ ጓደኞቿንም ታያለሽ። ከዛ የልደት ቀኑን እዪ። ወደ ፈረንጅ ለመቀየር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ግድም ከሆነ የተወለደችው 7 ትደምሪያለሽ፣ ከዛ በኋላ ከሆነ 8። አልስተካከል ካለ ፋሚሊ ሊንክ በሚባለው ባንቺ ስልክ በኩል አዲስ የልጅ ጂሜይል ክፈቺላት፣ አፕ ስታወርድ አንቺን እንዲጠይቅ ያደርጋል፣ የጌሙንም አካውንት በትክክለኛ ዕድሜዋ እንደገና። የሰበሰበችው ዕቃ ይጠፋባታል፣ ታለቅሳለች፣ እሱን አውቀሽ ግቢ። ለ11 ዓመት ልጅ እኔ ብሆን ቻቱን ከምታውቃቸው ከክፍሏ ልጆች ውጪ እዘጋዋለሁ። አንድ ሕግ ብቻ አጥብቀሽ ያዢ፣ የጌም ጓደኛ ጌሙ ላይ ነው የሚቀረው፣ ወደ ሌላ ቦታ ነይ ያላት፣ ለማንም እንዳትነግሪ ያላት ወይ ስጦታ የሰጣት ካለ ያኑ ቀን ትነግርሻለች። አንቺ ደሞ ስለነገርሽኝ ስልኩን አልወስድብሽም ብለሽ ቃል ትገቢላታለሽ፣ ከገባሽ በኋላ ብትናደጂም አትንጠቂያት። የኔ የእህት ልጅ አሁን ስልኩን ይዛለች፣ ሳሎን ነው የምትጫወተው፣ በቀደም አንዱ ቁጥርሽን ላኪ ሲላት እየሮጠች መጥታ ለእናቷ አሳየቻት።

ደብረ ብርሃን ከሆንሽ ቅዳሜ ልጅቷን ይዘሽ ሱቅ ነይ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና ቦታውን እነግርሻለሁ፣ አብረን እናስተካክለዋለን፣ ብር አልቀበልም። የክትባት ካርዷን ይዘሽ ነይ፣ ቀኑን ከሱ ነው የምናየው።